ሰነዳችንን አትንኩብን

እባካችሁ፣ የኤፒአይ መንደፊያውን ከጊት ጋር አታገናኙብን። እንደ ስቶፕላይት ያሉ መሣሪያዎች ንድፉን ኮዱ ካለበት ማከማቻ ጋር በቀላሉ ያገናኛሉ ሲባል ሰምተናል፤ ያስፈራንም ይኸው ነው። አንዴ ከተገናኘ እያንዳንዷ ለውጥ ማን እንደነካት፣ መቼ እንደነካት፣ ከነስሙ ተጽፎ ይቀራል። «እኔ አይደለሁም» የምትለዋን ያገር ቅርስ ማን ሊጠብቅልን ነው?

የራሳችን ሥርዓት አለን። ሰነዱ ፒዲኤፍ ነው፤ መኖሪያው ቴሌግራም። ሲወለድ «የመጨረሻ» ተብሎ ይሰየማል፤ ታናሹ «የመጨረሻ 2» ይከተላል፤ ሲመሽ ደግሞ «ይሄን ተጠቀሙ» ይመጣል። የትኛው ነው ትክክሉ ብሎ የሚጠይቅ ጀማሪ አይጠፋም። «ግሩፑን ወደ ላይ አታነብም እንዴ?» ይባላል፤ አፍሮ ዝም ይላል።

ለዚህ ሥርዓት ሐውልት ይቁም ከተባለ ቦታው የአፋሯ ዲቾቶ ነው። ከሠመራ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ተሳቢ ዲቾቶን አለፍ ሲል መንገዱ ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ጋላፊ፣ ሌላው በኤሊዳርና በቡሬ አድርጎ ወደ አሰብ። የአሰቡ በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር በተነሣው ጦርነት ተዘጋ፤ መስከረም 2011 ተከፈተ፤ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ተዘጋ። በጊት ቢሆን ሦስት ኮሚት፣ ከነቀኑ። በእኛ ፒዲኤፍ ግን አሰብ ዛሬም ወለል ብላ ክፍት ናት። የሌላ መሥሪያ ቤት ፕሮግራመር ሰነዳችንን አምኖ ጥያቄውን ወደ አሰብ ይነዳል፤ ሰርቨሩ ጋላፊ ከገባ ቆይቷል። 404 ተሸክሞ ይመለሳል። ጥፋተኛው ማን ነው? ሹፌሩ ነዋ!

ይባስ ብሎ፣ የኦፕንኤፒአይ ንድፍ ተራ የጽሑፍ ፋይል ስለሆነ ጊት መስመር በመስመር ያነጻጽረዋል አሉ። ፍተሻ ከተጨመረበትማ ኮዱና ንድፉ ካልተስማሙ ማሽኑ ራሱ እንደ ጋላፊ ኬላ «አታልፍም» ይላል። ሰው ያልቻለንን ማሽን ሊችለን!

የሚያሳፍሩን ግን የዚያው መንገድ ባለአገሮች፣ አፋሮች ናቸው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ከተገናኙ ዳጉ፣ ማለትም ወሬ፣ ሳይለዋወጡ አይተላለፉም። ወሬው ከማን ተሰማ? በዓይንህ ነው ያየኸው ወይስ ነገሩህ? መቼ? የት? ውሸት ያቀበለ ይጠየቅበታል። ሊነስ ቶርቫልድስ ጊትን የጻፈው እንደ ፈረንጆቹ በ2005 ነው፤ ግመል የሚነዳው አርብቶ አደር የወሬን ምንጭ መመዝገብ ከሱ አልተማረም። እንዲህ ያለውን ኋላ ቀርነት ግን መስታወት ሕንፃ ውስጥ ማኪያቶ ይዞ ለተቀመጠ ኢንጂነር እንዴት ደፍሮ መምከር ይቻላል?

ለማንኛውም የዛሬው ሰነድ ተልኳል፤ «የመጨረሻ 7» ይባላል። «የመጨረሻ 6»ን ያወረዳችሁ አጥፉት። 5ን ግን አደራ እንዳትነኩት፤ ሰርቨሩ የሚሠራው በሱ ነው።