ስለ ባዶ ጀሪካን፦ በአምቦ መንገድ ገድ ላይ የቀረበ ጥናት

ገድን የሚያጠና ሰው አስቀድሞ ወሰን ማበጀት አለበት። የእኔ ወሰን ከሆለታ እስከ ጌዶ ነው፤ በመካከሉ አዲስ ዓለም፣ ኦሎንኮሚ፣ ጊንጪ፣ አምቦና ጉደር አሉ። ከጌዶ ወዲያ ያለውን የነቀምቴ ሰዎች ያጥኑት። በዚህ መስመር ሰው ጠዋት ከደጁ ሲወጣ መጀመሪያ በገጠመው ነገር ቀኑን የሚተምንበት ዕውቀት አለ። ግማሹ ሚልኪ ይለዋል፣ ግማሹ ገድ። ቄሱም ፓስተሩም ያወግዙታል፤ በሌላ ነገር እምብዛም አይስማሙም። የሁለቱም እናቶች ግን ልጆቻቸውን የሚሸኙት በር ላይ ቆመው መንገዱን ግራ ቀኝ ካዩ በኋላ ነው።

ከውጭ የገባውን የ13 ቁጥር ፍርሃት ከወዲሁ ከጥናቱ አስወጥቼዋለሁ። ዓመቱ 13 ወር በሆነ አገር፣ መንግሥትም «የ13 ወር ፀጋ» እያለ ቱሪስት ሲጠራ በኖረበት አገር፣ 13 ቁጥር የሚያስፈራበት ምክንያት የለም። 13ኛዋ ጳጉሜን ያለባት ነውር አንድ ብቻ ነው፤ ደመወዝ የላትም።

የአካል ገድ ብዙ ስለተባለለት ባጭሩ አልፈዋለሁ። መዳፍ ሲበላ ብር ይመጣል፣ ውስጥ እግር ሲበላ መንገድ አለ፣ ጆሮ ሲጮህ ሰው እያማህ ነው፣ ዐይን ሲርገበገብ ዘመድ ሊታይ ነው። የትኛው ዐይን ለደግ፣ የትኛው ለክፉ እንደሆነ በየቤቱ ይለያያል፤ በአብዛኛው የሚወሰነው ነገሩ ከደረሰ በኋላ ነው። ውስጥ እግርን በተመለከተ የቁንጫ ጉዳይ ተለይቶ መታየት አለበት። እንቅፋትም ቢሆን ድሮ ክብደት ነበረው። ኮብልስቶን ከገባ ወዲህ ሁሉም ሰው በየቀኑ ስለሚደናቀፍ ዋጋው እንደ ብሩ ወርዷል።

ዋናው የመንገድ ገድ ነው፤ ከመንገድ ገድም የዕቃ ገድ፣ ከዕቃም የውኃ ዕቃ። ሕጉ አጭር ነው፦ መንገድ ስትጀምር ሙሉ ከገጠመህ ቀንቶሃል፣ ባዶ ከገጠመህ ተመለስ። በእንስራ ዘመን ይህን ማወቅ ቀላል ነበር። ሙሉ እንስራ የተሸከመች ሴት ጎንበስ ትላለች፣ ባዶ የያዘች ቀና ብላ ትሄዳለች፤ መንገደኛው ከሩቅ አይቶ ይወስናል። ጀሪካን ሲመጣ ነገሩ ተወሳሰበ።

ጀሪካን፣ ለማያውቁት፣ ቢጫ ነው። አስቀድሞ ዘይት ነበረበት፤ የዘይቱ ስም ተፍቆ ተፍቆ ግማሹ ቀርቷል። ክዳኑ በመጀመሪያው ወር ይጠፋል፤ ከዚያ በኋላ አፉ በተጠቀለለ ፌስታል ይወተፋል። ሙሉው ድምፅ የለውም፤ በፌስታሉ ጠርዝ እያንጠባጠበ የተሸካሚዋን ጀርባ ያረጥባል። ባዶው ግን ገና ከመታጠፊያው ወዲያ ቋ፣ ቋ እያለ ይመጣል፤ ማለትም ገድህ ከመታየቱ በፊት ይሰማል። ይህም ለመንገደኛው ትልቅ ዕድል ይሰጠዋል፤ ወደ ቤቱ ገብቶ የረሳው ነገር ያለ መስሎ መቆየት ይችላል። በሰፈራችን ጠዋት ጠዋት ቁልፍ የሚረሳ ሰው የሚበዛው ለዚህ ነው።

የተሸካሚዋም ሥነ ምግባር አለ። ጨዋ ሴት ባዶ ጀሪካን ይዛ ሻንጣ ያነገተ ሰው ካየች አጥር ተጠግታ ታሳልፈዋለች። የአክስቴ ዘዴ ከዚህ የረቀቀ ነበር። ሁልጊዜ ከታች አንድ ጭልፋ የሚሆን ውኃ ታስቀርበታለች፤ መንገደኛ ፊቱን ሲያጨፈግግባት ጀሪካኑን ነቅነቅ አድርጋ «አለበት! አለበት!» ትለዋለች። ሰውየውም አመስግኖ ይሄዳል። አንድ ጭልፋ ውኃ ሃያ ሊትር የሚይዝ ዕቃን ሙሉ ያሰኘዋል ወይ የሚለውን ጥያቄ ያነሳባት ሰው አልነበረም፤ እኔም በእሷ ፊት አላነሣም።

ያልተፈቱ ጉዳዮች አሉ። በአህያ ላይ አራት ጀሪካን ተጭኖ ሁለቱ ባዶ ቢሆን ምን ይባላል? በቀኝ በኩል ያለው ይታያል የሚሉ አሉ፤ በማን ቀኝ፣ በመንገደኛው ወይስ በአህያዋ ቀኝ፣ የሚለው ላይ ግን ይጣላሉ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ነገሩ ከግለሰብ አልፎ የሕዝብ ይሆናል። ቧንቧው በደረቀ ሳምንት መንደሩ በሙሉ ባዶ ይዞ ስለሚዞር ሁሉም የሁሉም ገደ ቢስ ነው፤ ውኃዋ በተለቀቀች ሌሊት ደግሞ ሁሉም ይቀናዋል። ስለዚህ የሰፈሩ ዕጣ ያለው በአንድ ቫልቭ ከፋች እጅ ነው። ሰውየው ይህን ቢያውቅ የደረጃ ዕድገት ይጠይቅ ነበር።

አሁን ወደ አምቦ ልዩ ጉዳይ ልግባ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝም እሱ ነው። የአምቦ ውኃ ከ1920ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ይታሸጋል፤ ፋብሪካው ከከተማው ዝቅ ብሎ ሰንቀሌ ነው። የመስታወት ጠርሙሱ ተመላሽ ነው። ስለዚህ ሙሉው በተሳቢ ተጭኖ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አዲስ አበባ ይወጣል፤ ባዶው እየተንቋቋ ወደ ምዕራብ፣ ወደ አምቦ ይመለሳል። አንባቢ ሆይ፣ እስቲ እዚህ ላይ ቆም በል። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚመጣ ሰው ፊት ለፊት የሚገጥመው ሙሉ ነው። ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ግን ከጊንጪ እስከ ቡራዩ የሚገጥመው፣ ሳጥን በሳጥን ላይ ተደርድሮ፣ ባዶ ነው!

እኛ የአምቦ ሰዎች አዲስ አበባ ለጉዳይ ስንሄድ ኃላፊው ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ የሚሆኑት፣ ሲስተም የሚጠፋው፣ ወረቀታችን አንድ ማኅተም የሚጎድለው ለምን እንደሆነ አሁን ግልጽ ይመስለኛል። በተቃራኒው ከአዲስ አበባ ሊመረምረን የሚመጣ ኦዲተር በሙሉ ጠርሙስ ታጅቦ ይገባል፤ የሚፈልገውንም ሳያገኝ የተመለሰበት ጊዜ የለም።

ጊንጪ ላይ ቡና ስንጠጣ አንድ ተቃውሞ ቀርቦልኛል። ጠርሙሱ ባዶ ቢሆንም ሳጥኑ በጠርሙስ ሙሉ ነው፣ ስለዚህ የሚገጥምህ ሙሉ ሳጥን ነው ይላሉ። ጊንጪ ለአዲስ አበባ ከእኛ ይልቅ ስለምትቀርብ እንዲህ ማሰቡ አይከብዳቸውም። ሸራ የለበሰ መኪናስ? ተከፍቶ ያደረና ጋዙ የወጣ አምቦስ፣ ሙሉ ነው ወይስ ባዶ? የፕላስቲኩ አምቦ ብዙ ተስፋ ሰጥቶኝ ነበር፤ ባዶው አይመለስምና። ባዶው ግን ጠፍቶ አልጠፋም፤ በየቦዩ ተኝቶ ሁለቱንም መንገደኛ እኩል ይጠብቃል።

ከተሳፋሪው ወገን የተገኘው መፍትሔ መጋረጃ ነው። ያላየኸው አይቆጠርም። በአምቦ ሚኒባስ ውስጥ መጋረጃ የሚዘጋው ለፀሐይ፣ መስኮት የማይከፈተው ለብርድ ነው ቢባልም፣ ሰማዩ በደመነበት ቀንም ተዘግቶ ስላየሁ ይህ ምክንያት አላሳመነኝም።

መጋረጃ የሌለው ሾፌሩ ብቻ ነው። እሱ ሁሉንም ያያል፤ ሲሄድ ባዶ፣ ሲመለስ ሙሉ፣ በየቀኑ። አንድ ቀን ከጎኑ ጋቢና ተቀምጬ ባዶ ጠርሙስ የጫነ ተሳቢ ባለፈን ቁጥር ልቡ ምን እንደሚለው ጠየቅሁት። መሪውን እንደያዘ ዞር ብሎ አየኝ።

«ጋሼ፣ ባዶው ምን አደረገኝ? ባዶው በወዲያኛው መስመር ነው የሚያልፈው። ዳገት ላይ ፊቴ ተገትሮ በጭስ የሚጨርሰኝ ሙሉው ነው።»

ይህን በየትኛው ዘርፍ እንደማስገባው ስላላወቅሁ ምደባው እዚሁ ላይ ይቋረጥ። ነገ ራሴ አዲስ አበባ ጉዳይ አለኝ። ባዶዎቹ መኪኖች ገና ሳይንቀሳቀሱ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ እወጣለሁ፤ የሚጠይቀኝ ካለ ወረፋ ፈርቼ ነው።