ይድረስ ለስቱኮው አለቃ

ለተከበሩ የሕንፃችን ሥራ አስኪያጅ
ዋሽንግተን ዲሲ

ጉዳዩ፦ የመኝታ ቤቴን ኮርኒስ፣ በተለይም በየዓመቱ ተመልሶ የሚመጣውን ስንጥቅ ይመለከታል

የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ ሆይ፣

እስከ ዛሬ አቤቱታዬን በእንግሊዝኛ እየጻፍኩ፣ ኪራይ በምንከፍልበት መተግበሪያ ስልክልዎ ኖሬያለሁ። መተግበሪያው በጣም ጨዋ ነው። ገና ከመላኬ «ደርሶናል» ይለኛል፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ደጄን የረገጠ ሰው ሳይኖር «ተጠናቋል» ብሎ አረንጓዴ ምልክት ያደርግልኛል። የማይነበብ ከሆነ አይቀር በደንብ በምችለው ቋንቋ ይሁን ብዬ ይህቺኛዋን በአማርኛ ጻፍኳት። እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። ዲሲ ውስጥ አማርኛ አንባቢ ተከራይ ሞልቷል፤ እርስዎ ቢያልፏት ጎረቤት ያነባታል።

አስቀድሜ ላመስግንዎ። የቀን መቁጠሪያ ከመግዛት አድነውኛል። ከአልጋዬ በላይ ያለው ስንጥቅ ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ፣ መብራቱን ታክኮ ወደ በሩ ያመራል። ጥቅምት ላይ ማሞቂያው ሲከፈት የቤቱ አየር ይደርቃል፣ ስንጥቁም አፉን ይከፍታል። የዲሲ ወበቅ ሲገባ ደግሞ መልሶ ይገጥማል። እርስዎ ሠራተኛ የሚልኩልኝ ሁልጊዜ በሐምሌ ነው። ሰውየው ሲደርስ ግማሹን ሥራ ወበቁ ጨርሶ ይጠብቀዋል። ስቱኮ ይለቀለቃል፣ ነጭ ቀለም ይደረብበታል፣ ፎቶ ይነሳና ለእርስዎ ይላካል። በኅዳር መጥቶ ፎቶ የሚያነሳ ግን የለም። እኛ አገር ይህን ታጥቦ ጭቃ እንለዋለን፤ እርስዎ በኪራይ ጭማሪው ደብዳቤ ላይ «ዓመታዊ እንክብካቤ» ብለውታል። አጻጻፍዎን አድንቄያለሁ።

ምናልባት በቢሮዎ ያለው ኮርኒስ የጂፕሰም ቦርድ ስለሆነ የእኔን ጉዳይ ለመረዳት ተቸግረው ይሆናል። ላስረዳዎት። ሕንፃችን በ1920ዎቹ የተሠራ ነው። በዚያን ዘመን የላይኛውን ወለል ከተሸከሙት አግዳሚዎች ሥር ስስ የእንጨት ርብራብ ይመታል፤ በርብራቡና በርብራቡ መካከል የትንሽ ጣት ውፍረት እንኳ የማይሞላ ክፍተት ይተዋል። ለሳኙ ልስኑን ከታች ወደ ላይ እየገፋ ሲያስገባው በክፍተቱ ያለፈው ከርብራቡ ጀርባ ተጋድሞ ይደርቃል። ኮርኒሱን ሰቅሎ የያዘው ያ ከጀርባ የደረቀ ጉብታ ነው፤ ሌላ ሚስማርም ሙጫም የለውም። የአገሬ ጭቃ አቡኪ ጭድ እንደሚጨምርበት፣ የድሮ ለሳኞችም እንዲያያዝ ብለው የእንስሳ ፀጉር ይቀላቅሉበት ነበር። በላዩ ሁለተኛና ሦስተኛ እጅ ይደረባል፤ ውፍረቱ ሁለት ሳንቲሜትር ገደማ ይደርሳል። አንዱ ካሬ ሜትር ከ30 ኪሎ በላይ ይመዝናል። መኝታ ቤቴ 12 ካሬ ናት። እርስዎ በሒሳብ ጎበዝ ነዎት፣ ጭማሪውን ሲያሰሉ አይቻለሁ፤ እኔ ግን ከሦስት ኩንታል በላይ ከራሴ በላይ ሰቅዬ እንደማድር ደርሼበታለሁ።

እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ልስን ግን ግትር ነው፤ ከእንጨቱ ጋር ልዘርጋ ልሰብሰብ አይልም፣ ይሰነጠቃል። አንዴ ከተሰነጠቀ በኋላ እንቅስቃሴው ሁሉ የሚያርፈው በዚያው ስንጥቅ ላይ ነው። ስለዚህ በሐምሌ የተለቀለቀች ስስ ስቱኮ፣ ያውም በአሮጌ ቀለም ላይ የተለጠፈች፣ ኅዳር ላይ ሁለቱን ዳር ይዛ እንድታስቀር መጠበቅ ከስቱኮዋ አቅም በላይ መጠበቅ ነው። ይባስ ብሎ ከበላዬ የሚኖሩት እናት የገላ መታጠቢያ ገንዳ ዙሪያው ይፈሳል። እሳቸውም ለእርስዎ አመልክተዋል፤ የእሳቸውም «ተጠናቋል»። ውኃ ሲደጋግመው የልስኑ ጉብታ ይሰበራል፤ ሲሰበር ኮርኒሱ ከርብራቡ ይለቅና ይረግባል። ያን ጊዜ የምናወራው ስለ ስንጥቅ መሆኑ ቀርቶ ስለ ሦስቱ ኩንታል ይሆናል።

የሚልኩት ሠራተኛ መልካም ሰው ነው። የኤል ሳልቫዶር ልጅ፣ እጁ ሥራ የለመደ። ባለፈው ሐምሌ መሰላሉ ላይ ቆሞ ኮርኒሱን በመዳፉ ወደ ላይ ገፋ አደረገው። ኮርኒሱ እሺ ብሎ ሄደ፤ ሲለቀው ተመልሶ ወረደ። ሰውየው እኔን አየኝ፣ እኔም እሱን። ከዚያ የሥራ ትእዛዙን በስልኩ አሳየኝ፦ ስቱኮ፣ ቀለም፣ ሃያ ደቂቃ። ከበሽታው ጋር ተዋውቆ መድኃኒቱን እንዳይነካ የታዘዘ ሰው ፊት ምን እንደሚመስል ያን ቀን አየሁ። እርስዎ መሰላል ወጥተው ስለማያውቁ አልፈርድብዎትም።

ጉዳዩን በስልክ ያነሳሁብዎ ቀን ጥፋቱን በ2011 የመሬት መንቀጥቀጥ ላይ አላከኩት። እውነት ነው፣ በዚያ ዓመት ነሐሴ ቨርጂኒያ ላይ የተነሳው 5.8 መጠን ያለው ርዕደ መሬት ዋሽንግተንን አናውጧል። ታዲያ ነገርን ነገር ያነሳዋል፤ የዋሽንግተን ሐውልትም ያን ቀን ተሰነጠቀ። መሐንዲሶች ከጫፉ በገመድ ተንጠልጥለው ድንጋዩን አንድ በአንድ መረመሩት፤ 15 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት፤ በግንቦት 2014 ተከፈተ። በዩኒየን ስቴሽን ዋና አዳራሽም የልስኑ ኮርኒስ ተጎድቶ ሥሩ መረብ ተወጠረ፣ ዓመታት የፈጀ የብረት መወጣጫ ቆመ፣ ኮርኒሱ ተጠናክሮ ወርቅ ቅቡም ታድሶ በ2016 አለቀ። በመንቀጥቀጡ የሚያምኑ ከሆነ በጥገናውም ይመኑ። እኔ ወርቅ አልጠየቅኩም። በገመድ የሚንጠለጠል መሐንዲስም አልጠየቅኩም፤ የእኔ ኮርኒስ ከመሰላል አራተኛ ደረጃ ላይ ይገኛል።

«ቤቱ የቆየ ነው፣ የቆየ ቤት ይሰነጠቃል» ያሉኝንም አልረሳሁም። ይህ ጥበብ ከአፍዎ በወጣ በሳምንቱ ከጎኔ ያለው ክፍል ለኪራይ ሲወጣ ማስታወቂያውን አነበብኩት፤ «የ1920ዎቹን ኦሪጅናል የልስን ኮርኒስ የጠበቀ፣ ታሪካዊ ውበት ያለው» ይላል። ዕድሜው ለአዲስ ተከራይ ጌጥ ሆኖ ይሸጣል፤ ለነባሩ ተከራይ ሰበብ ሆኖ ይመለሳል። አንድ ኮርኒስ ሁለት ደሞዝ ሲበላ ያየሁት በእርስዎ ጊዜ ነው።

ደግሞ ለዚህ ሕመም መድኃኒቱ የተሰወረ ምሥጢር ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚችው ከተማ ያለው የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት በ1989 ስለ አሮጌ ልስን ጥገና መመሪያ አውጥቷል፤ የጥበቃ መመሪያ ቁጥር 21። በነፃ ይገኛል። እንደ ወቅቱ እርጥበት የሚከፈትና የሚዘጋ ስንጥቅ መጀመሪያ ሰፋ መደረግ አለበት ይላል፤ ለዚህም ባለ ሦስት ማዕዘን የጣሳ መክፈቻ ይበቃል ብሎ ይመክራል። የአሜሪካ መንግሥት በጣሳ መክፈቻ ይሠራል ያለውን ሥራ በጀት የለም ማለት ከባድ ነው። እምቢ ያለ ስንጥቅ ደግሞ የፋይበር ግላስ መረብ ተጋድሞበት፣ ሁለቱን ዳር አያይዞ፣ በስስ በስሱ ተደጋግሞ ይለሰንበታል። ከርብራቡ የለቀቀው ክፍል ግን ከዚያ በፊት በቪቴና በሰፊ ሮንዴላ ወደ እንጨቱ ተስቦ መታሰር አለበት። በተንጠለጠለ ነገር ላይ መረብ መለጠፍ የሚወድቀውን ማስጌጥ ነው።

አንድ ነገር ላይ አልቀልድም። እንደ እኛው ሕንፃ ያሉ ከ1978 በፊት የተሠሩ ቤቶች አሮጌ ቀለማቸው እርሳስ የተባለውን መርዘኛ ማዕድን ሊይዝ ይችላል። በሐምሌ ብርጭቆ ወረቀት ይዞ በደረቁ የሚፈገፍገው ሰው አቧራውን ይተነፍሰዋል፤ የጎረቤቴ ሕፃን ደግሞ በዚያው ወለል ላይ ትድሃለች። የፌዴራሉ ደንብ ከ2010 ጀምሮ እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ከተወሰነ ስፋት በላይ ቀለም የሚነካ ሥራ ለሠለጠነና ለተመሰከረለት ሰው እንዲሰጥ ያዛል። ስፋቱን ለመለካት እንኳ ማንም ሜትር ይዞ አልመጣም።

የለንደኑን አፖሎ ቴአትር ያውቁት ይሆናል፤ በ1901 የተከፈተ ነው። በታኅሣሥ 2013፣ ከ700 በላይ ተመልካች ተቀምጦ ሳለ የኮርኒሱ ከፊል ወረደ፤ ከ70 በላይ ሰዎች ተጎዱ። አሠራሩ ከእኛው ይለያል፤ ያኛውን ሰቅሎ የያዘው በጄሶ የተነከረ የጆንያ ማሰሪያ ነበር፣ ማሰሪያውም ከዕድሜ ብዛት ተዳክሞ ነበር። ከታች ለሚያይ ግን የቴአትር ቤት ኮርኒስ ማለት ጌጡ ነው፤ ማሰሪያው አይታይም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

እንግዲህ የምለምንዎ ይህን ነው። ሰው የሚልኩ ከሆነ በጥር ይላኩ፣ ስንጥቁ ቤቱ በሚገኝበት ወር። መጀመሪያ ወደ ላይኛው ቤት ይውጣና የገንዳውን ዙሪያ ይዝጋ፤ ከዚያ ወደ እኔ ይውረድ። ስልኩን ኪሱ ያድርግና በመዳፉ ይግፋ፣ በጣቱ ያንኳኳ፣ የለቀቀውን በእርሳስ መጻፊያ ያክብብ። ጥቂት ከሆነ በቪቴ ይታሰር። ብዙ ከሆነ ሁሉም ወርዶ የጂፕሰም ቦርድ ይመታ፤ ለ1920ዎቹ ታሪካዊ ውበት ለቅሶ አልቀመጥም። ሃያ ደቂቃ ግን አትበቃውም። ያ ሳልቫዶራዊ ሙሉ ቀን ከሰጡት ይጨርሰዋል፣ ቡናውን እኔ አፈላለሁ።

እስከዚያው አልጋዬን ወደ ሳሎን አውጥቻለሁ። ኪራዩን ግን የከፈልኩት ለሁለቱም ክፍሎች ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ተከራይዎ

ግልባጭ፦ ከበላዬ ለሚኖሩት እናት (ገንዳው እየሞላ ከአገር ቤት ስልክ ቢደወል እባክዎ ውኃውን ዘግተው ያንሱ)