ስለታችን ቃሊቲ አደረ

አቃቂ ቃሊቲ የሚኖር ሰው መንገድ ራቀኝ የሚልበት አፍ የለውም። የሐዋሳው አውቶቡስ ከቃሊቲ መናኸሪያ ይነሳል። የከተማው ቀላል ባቡር በደቡብ በኩል ማብቂያው ቃሊቲ ነው። አዳማ ድረስ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘልቀው የክፍያ መንገድም ቱሉ ዲምቱ ላይ ይጀምራል። የድሮው የጅቡቲ ባቡር እንኳ አቃቂ ላይ ቆሞ ሰው ይጭን ነበር። ታዲያ አገር ሁሉ በደጃችን እያለፈ ሲሄድ፣ እኛ ስንቀመጥ የምንታወቀው በሸኚነት ነው።

ዘንድሮ ግን የገብርኤል ማኅበራችን ቆረጠ። በየወሩ በ19 ጽዋ እየጠጣን «ለከርሞ ቁልቢ!» ስንል ስንት ከርሞ አለፈ። ገንዘብ አዋጣን፤ አንድ ቅጥቅጥ ተኮናተርን፤ ታኅሣሥ 17 ከሌሊቱ 10 ሰዓት አስፋልቱ ዳር ጋቢያችንን ተከናንበን ቆምን። ቁልቢ ሩቅ ስለሆነ፣ ለ19ኙ ንግሥ ለመድረስ በጊዜ መነሳት ያስፈልጋል።

ሾፌሩ ተደወለለት። «ናፍጣ ሰልፍ ላይ ነኝ፤ ከፊቴ ትንሽ መኪና ነው የቀረው» አለ። ከአንድ ሰዓት በኋላም ከፊቱ የነበረው ያው ትንሽ መኪና ነው። ሊነጋጋ ሲል «ማደያው ናፍጣ ጨረሰ» አለን። ከዚያ በኋላ የምታናግረን «የደወሉላቸው ደንበኛ» የምትለዋ ሴትዮ ብቻ ሆነች።

«በቃ ወደ ቤታችን እንመለስ» ማለት ቀላል ይመስላል። የሰፈር ሰው ግን ማታውን መርቆ ሸኝቶናል፤ የሸኘንም በባዶ እጃችን አይደለም። ገንዘብ ያዣችን እትዬ የታቀፉት ዘንቢል የጎረቤት ስለት ነው። ጧፍ አለ፤ በመሐረብ ጫፍ የተቋጠረ ብር አለ፤ ላስቲኩ ያልወለቀ ባለ ዝርፍርፍ ጃንጥላ አለ። በየቋጠሮው ላይ በመርፌ ቁልፍ የተያዘች ቁራጭ ወረቀት አለች፦ «ልጄ ማትሪክ ስላለፈልኝ»፣ «ከዓረብ አገር በሰላም ስለገባችልኝ»። ይህን ሁሉ ይዞ ፀሐይ ሳትወጣ መመለስ እንዴት ይሆናል?

እዚያው አስፋልቱ ዳር ስብሰባ ተቀመጥን።

አንድ ወጣት «ለቡ ሄደን በአዲሱ ባቡር ድሬዳዋ እንግባ፤ ከዚያ ቁልቢ ቅርብ ነው» አለ።

«የንግሥ ሰሞን ቲኬት እስካሁን አንተን ይጠብቃል?» አሉት እትዬ።

ጋሼ፣ የባቡር ነገር ሲነሳ የማይችሉት፣ «የድሮው ባቡር ሊትሪና ቢኖር እኮ ይኼኔ ሞጆን አልፈን ነበር» ብለው ተከዙ። ቀጥለውም «ራስ መኮንን ከሐረር አድዋ በበቅሎ ዘልቀው ተመልሰው ነው ቁልቢን ያስተከሉት። እናንተ ናፍጣ ጠፋ ብላችሁ ታለቅሳላችሁ» ሲሉ፣ ወጣቱ «በቅሎም ብንኮናተር ገብስ ሰልፍ ላይ ነኝ ማለቷ አይቀርም» አላቸው።

ሌላዋ «ገብርኤል የትም ገብርኤል ነው፤ ስለቱን እዚሁ ቅርብ ካለው ደብር እናግባ» የሚል ሐሳብ አመጣች። ነገሩ ከበድ ስላለ ለንስሐ አባታችን ተደወለ። እሳቸውም «ለቁልቢ የተሳለ ለቁልቢ ነው። ሐምሌ 19ም ንግሥ ነው፤ አቆይታችሁ አድርሱ» ብለው ገላገሉን።

ጋሼ ፊታቸው በራ። «ሐምሌ 19 እኮ የሐዋርያት ጾም ከወጣ፣ ፍልሰታ ሳይገባ ነው! ረቡዕና ዓርብ ላይ ካልዋለ ዱከምን ዝም ብለን አናልፋትም።» አዲሱ የጉዞ ዕቅድ በጭብጨባ የጸደቀው በዚህች አንቀጽ ነው።

ሐምሌ ተስማማን፤ ያለንበት ግን ታኅሣሥ ነው። ድፎው ተደፍቷል፤ ዳቦ ቆሎው ተቆልቷል፤ በሶው ተበጥብጧል። እስኪመሽ የምንሸሸግበት አገር ያስፈልገናል። ያን ጊዜ አንድ ወያላ «ደብረ ዘይት! ደብረ ዘይት!» እያለ ፊታችን ቆመ። እንደ ጥሪ ቆጠርነውና ተሳፈርን።

ዱከም ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ ሚኒባሱ ልክ አንድ ሥጋ ቤት ፊት ለፊት ቆመ። ሙሉ ሽንጥ ተሰቅሏል፤ ባለ ነጭ ጋውኑ ቢላውን ያፋጫል። ሁላችንም ጾመኛ ነንና በተቃራኒው መስኮት በኩል የተቆለለ ጡብ ስናደንቅ ቆየን። ጋሼ ብቻ «ማየት አያስገድፍም» እያሉ አንገታቸውን አላዞሩም።

ደብረ ዘይት ደርሰን ሆራ ሐይቅ ዳር ጋቢ አንጥፈን ተቀመጥን። 9 ሰዓት ሲሆን ጸሎት ተደርጎ ድፎው ተቆረሰ፤ ስልጆው ወጣ። እትዬ ግን ዘንቢሉን ከጭናቸው አላወረዱም። ለቁልቢ የተዘጋጀ ምርቃት፣ ለቁልቢ የተቆጠበ ጨዋታ ሁሉ እዚያው አለቀ። እንዲያ የሳቅንበት ማኅበር ትዝ አይለኝም።

ማታ በጨለማ ተበታትነን በየቤታችን ገባን። በማግስቱ አንዲት የሰፈር እናት በር ላይ አገኙኝና «ምነው በአንድ ቀን ደርሳችሁ ተመለሳችሁ? ገብርኤል ክንፉን አዋሳችሁ እንዴ?» አሉኝ። ነገሩን ከሥሩ ስነግራቸው ስለታቸውን ይመልሱልኝ አላሉም፤ «እንግዲያው ለሐምሌው ትንሽ ልጨምርበት» አሉ እንጂ። ሌላውም ሰምቶ ጨመረ፤ ዘንቢሉ አሁን ሁለት ሆኗል።

ለሐምሌ ቁልቢ የምታስቡ ሁሉ እንግዲህ ምክሬን ስሙ፦ ድፎ ከመድፋታችሁ በፊት የመኪናውን የነዳጅ መለኪያ በዓይናችሁ እዩ።