ማንኮራፋቴ በሐኪም ተመሰከረ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ለምወድሽ እትዬ፣

የእማዬ ጉልበት እንዴት ነው? ደሴ ፒያሳ ላይ ጉሙ ወርዷል? እኔ ከናፍቆታችሁና ከእንቅልፌ በቀር ደህና ነኝ፤ ምስጋና ለፈጣሪ።

«የእንቅልፍ ሐኪም ቤት ላድር ነው» ብዬ የደወልኩ ቀን ሳቅሽ ጦሳን መትቶ አዝዋ ገደል ሳይደርስ አልቀረም። «አንተ መተኛት መቼ አቃተህና ነው ከፍለህ የምትተኛው?» አልሽኝ። እሺ፣ ጠጥቼዋለሁ። አሁን ተቀመጪና አንብቢ። ከዚያ ለእማዬ አንብቢላት፤ ሽንት የሚለው ጋ ስትደርሺ ግን ዝለዪው።

ነገሩን የቆሰቆሰው አብሮኝ የሚኖረው የኮምቦልቻ ልጅ ነው። ከኮምቦልቻ ከቢራው በቀር ምን ደግ ነገር መጥቶ ያውቃል? ሌሊት ሳንኮራፋ በስልኩ ቀርጾ ቁርስ ላይ አሰማኝ። «ወላሂ፣ ተሳቢውን ይዞ ሐረጎን የሚወጣ ኤንትሬ ነው የምትመስለው» አለ። ማንኮራፋቱስ ባልከፋ፤ መሀል ላይ ጭጭ ይላል። ጭጭ ብሎ ይቆያል። ከዚያ እንደታነቀ ሰው «ኽኽኽ!» ብሎ ይነሣል። በዚያ ላይ ዱካኩ አለ፤ እማዬ «ብረት ከትራስህ ሥር አድርግ፣ ጠበል እልክልሃለሁ» ያለችለት። በአሜሪካ ሐኪም ቤት ትራስ ሥር ቢላ ቢገኝ ቀጣዩ ደብዳቤ ከየት እንደሚጻፍልሽ አስቢው።

መጀመሪያ ወረቀት አስሞሉኝ። መሪ ጆንስ የሚባል የሜልቦርን ሐኪም በ1991 እ.ኤ.አ. ያወጣው 8 ጥያቄ ነው፤ እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ እያለ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ያስሞላል። «ሰው እያወራህ?» ይላል። ማን እያወራኝ እንደሆነ ሳይነግሩኝ እንዴት ልመልስ? በማንኮራፋቱ «ወፍጮ» ያልነው አያ ወፍጮ የውትድርናውን ታሪክ ከጀመረ 3 ያንሰዋል። «ለ1 ሰዓት መኪና ውስጥ ተሳፍረህ?» ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ከሆነ 0 ነው፤ በሐረጎ ጥምዝ ላይ እስላሙም ክርስቲያኑም ነቅቶ ይጸልያል እንጂ ማን ይተኛል? ከ10 በላይ ከሆነ እንቅልፍህ ጤነኛ አይደለም ይላሉ። እኔ ከበቂ በላይ አመጣሁ።

በቀጠሮው ቀን ከቀትር በኋላ ቡና ክልክል ነው ተባልኩ። ለወሎ ልጅ! አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም ከረፋዱ በፊት ገላገልኩት።

ማታ ስገባ አንድ ቀጭን ጎልማሳ ባለሙያ ተቀበለኝ። ራሴን በሜትር ለካ፤ በቀይ እርሳስ ምልክት አደረገ፤ ከዚያ በሚያጣብቅ ቅባት ሽቦውን ይለጥፈው ጀመር። ራሴ ላይ፣ ዓይኔ አጠገብ፣ አገጬ ላይ፣ ደረቴ ላይ፣ ቅልጥሜ ላይ። ደረቴንና ሆዴን በቀበቶ አሰረ፤ አፍንጫዬ ሥር ቱቦ፣ ጣቴ ላይ ቀይ መብራት። ከጣሪያው ካሜራ ያየኛል። ይህን ሁሉ አድርጎ ሲያበቃ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «እንደ ቤትህ ተኛ!»

ወጥቶ በድምፅ ማጉያ መጣ። «ራስህን ሳታንቀሳቅስ ወደ ላይ እይ። ወደ ታች። ዓይንህን 5 ጊዜ አርገብግብ። ጥርስህን ንከስ። የግራ እግርህን ጣቶች አንቀሳቅስ።» ሁሉንም ታዘዝኩ።

«አሁን አንኮራፋ።»

«እኔ አላንኮራፋም» አልኩ። ክብር አለኝ እኮ።

«ማይክሮፎኑን ለመሞከር ነው። አስመስል።»

ይኸውልሽ እትዬ፣ ማስመሰል ካልክማ ብዬ የአያ ወፍጮን ማንኮራፋት አወጣሁት። ከመጋረጃው ኋላ ሆነን እየሰማነው የተለማመድነውን፣ ምንም ሳላስቀር። መጀመሪያ ረጅሙን ሳብ፤ ከዚያ ድንጋይ በድንጋይ ሲፈጭ፤ ከዚያ ፉጨቷ፤ መጨረሻ ላይ «እህህ… ያረቢ!» ማጉያው ዝም አለ። ቆየ። «ጌታዬ፣ ትንሽ ዝቅ አድርገው፤ መሣሪያው አልቻለውም።» ዝቅ አድርጌ ፉጨቷን አስረዘምኩ። አሁን ማጉያው ውስጥ የሴት ሳቅ ተሰማ፤ ለካስ ባልደረባውን ጠርቶልኛል። «ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ ብትደግመው?» አለችኝ። ደገምኩት፤ «ያረቢ»ውን ሁለቴ አድርጌ። ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። እዚህ አገር ከመጣሁ እንዲህ የተወደደልኝ ነገር የለም።

ሌሊት ሽንቴ መጣ። ጠራሁት። ሽቦውን ሁሉ ከግድግዳው ነቅሎ ሳጥኑን አንገቴ ላይ አንጠለጠለልኝ። ኮሪደሩ ላይ አንድ ሽማግሌ እንደኔው ሳጥን አንጠልጥሎ፣ ሽቦውን አንዠርግጎ ሲመጣ ተገናኘን። አንገታችንን ዝቅ አድርገን ሰላምታ ተለዋወጥን፤ እንደ ሁለት ደጃዝማቾች፣ አለፍን።

ተመልሼ ስጋደም ባለሙያው በማጉያው «መልካም ሌሊት፣ እዚሁ ነኝ» አለኝ። እትዬ፣ ከእናንተ ከተለየሁ ወዲህ ስተኛ «እዚሁ ነኝ» ያለኝ ሰው አልነበረም። ጨለማው ውስጥ ጥቂት ጉሮሮዬን አነቀኝ። ይህንንም ትንፋሽ መቆም ብለው እንዳይመዘግቡት ፈርቼ ቶሎ ተውኩት። ደግሞም በሰዓት እየተከፈለው ነው።

ጠዋት ፀጉሬ በቅባት ቆሞ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። ፒያሳ ቢሆን ወሬው ከእኔ በፊት ሰኞ ገበያ ደርሶ ዋጋው ተነግሮበት ነበር።

ሐኪሟ አስረዳችኝ። ስንተኛ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል፤ የኔ ጭራሽ ይዘጋል። ትንፋሽ ለ10 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ በተቋረጠ ቁጥር ይቆጠራል። በሰዓት ከ5 በታች ጤና ነው፤ 30 ከደረሰ ከባድ ይባላል። ከ30 አልፌያለሁ! ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ስማር በሒሳብ ከ30 አልፌ ባውቅ እማዬ ድግስ ትደግስ ነበር። ዱካኩንም ጠየቅኳት። ሕልም ስናይ ሰውነታችን ይታሰራል፤ አእምሮ ቀድሞ ከነቃ ሰውየው እያየ እየሰማ መነቃነቅ ያቅተዋል። የተቆራረጠ እንቅልፍና በጀርባ መተኛት ያባብሱታል አለች። አያታችን «በጀርባችሁ አትተኙ» እያለች በዘነዘና ስትነካካን ያለ አንድ ሽቦ ነው የደረሰችበት።

አሁን አፍንጫዬ ላይ ጭምብል አድርጌ ነው የምተኛው። ማሽኑ አየር እየገፋ ጉሮሮዬን ከፍቶ ያድራል። ኮሊን ሱሊቫን የሚባል የሲድኒ ሐኪም ነው በ1981 እ.ኤ.አ. ለዓለም ያስተዋወቀው፤ የመጀመሪያውን በአቧራ መጥረጊያ ሞተር ነበር የሠራው ይላሉ። ለእማዬ ንገሪያት፣ ጠበሉን ማሽኑ ውስጥ አልጨምርም፤ የተጣራ ውሃ ብቻ ነው የሚጠጣው። እኔ እጠጣዋለሁ፣ ትላክ። ደግሞ ማሽኑ ወሬኛ ነው፤ ስንት ሰዓት እንዳደረግኩት ሌሊት ሌሊት ይናገርብኛል። ከ4 ሰዓት በታች ካበዛሁ ኢንሹራንሱ ማሽኑን ይቀማኛል። በቆጠራ የምተኛ ሰው ሆኛለሁ።

ግን ተኛሁ፣ እትዬ! ቀን አላንቀላፋም፤ ዱካኩም ብዙ አይመጣም። አሁን ያስቸገረው የኮምቦልቻው ልጅ ነው፤ ዝምታው አላስተኛ ብሎት፣ መኖሬን ሊያረጋግጥ እኩለ ሌሊት በሬን እየከፈተ ያየኛል። ትናንት ከነጭምብሌ ቀና ስል ጮኾ ሮጠ። በሶ ላኩልኝ ይላል፤ ለእኔ ላኪ፣ ለእሱ አቀምሰዋለሁ።

አንድ ቁም ነገር፦ አያ ወፍጮ ሲተኛ ሰዓት ይዘሽ አጠገቡ ተቀመጪ። ጭጭ የሚለው ከ10 ሰከንድ እያለፈ የሚደጋገም ከሆነ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፤ ይሄ ነገር የደም ግፊት ያስነሣል። እስከዚያው በጎኑ ይተኛ። ደብዳቤውን ግን እሱ ፊት እንዳታነቢው፤ ማንኮራፋቱ ከነ«ያረቢ»ው በእኔ ስም በአሜሪካ ሐኪም ቤት መዝገብ ገብቷል፤ ቢሰማ ድርሻዬን ይለኛል።

ወንድምሽ