ሺህ ፈረስ በስድስት ቢየላ

ዳግማዊ ምኒልክ በአንድ ፈረስ ስም «አባ ዳኘው» ተብለው ስንት አገር ገዙ። የእህቴ ልጅ ግን አንድ ሺህ ፈረስ ካልጫንኩ ሞቼ እገኛለሁ ብሎ ተነስቷል። የፈረሶቹ በረት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ያለው የእናቱ ጋራዥ ነው። መኪናዋ ቶዮታ ሱፕራ ናት፤ አሜሪካ ውስጥ ከ1993 እስከ 1998 ከተሸጡት፣ ባለ መንታ ቱርቦዋ። ባለ 3 ሊትሩ፣ ባለ 6 ሲሊንደሩ 2ጄዜድ ሞተሯ ከፋብሪካ ሲወጣ 320 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ለጤነኛ ሰው ይበቃ ነበር። አሁን ሞተሩ ወርዶ፣ ተፈታቶ፣ የልብስ ማጠቢያው ማሽን ላይ ሳይቀር ተዘርግቷል።

ሥራው የቆመው በቢየላ ነው። ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የምታያይዘው ክንድ ማለት ናት፤ በዚህ ሞተር ከቀዳዳ መሐል እስከ ቀዳዳ መሐል 142 ሚሊሜትር፣ ስንዝር አትሞላም። ቱርቦ ለጓደኛ ይታያል፣ ፎቶ ይነሳል። ቢየላን ግን ማንም አያያትም። የምትታየው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ብሎኩን በስታ የወጣች ዕለት።

ገዢ ሁሉ «ስንት ፈረስ ትችላለች?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሻጭም ደስ የሚለውን ቁጥር ይነግረዋል። እኔ ጥያቄው ራሱ ጎዶሎ ነው ባይ ነኝ። ቢየላን የሚፈትኗት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ይጫናታል፣ ሌላው ይጎትታታል። የሚጫናት ቱርቦው ነው። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት 100 ባር ቢደርስ፣ 86 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ፒስተን ላይ 6 ቶን ገደማ ያርፍበታል። ያስፈራል፤ ግን ብረት መጫንን ይችለዋል፣ ቢበዛ ይጎብጣል። ክፉው መጎተቱ ነው። ፒስተን ሽቅብ ይበርና ጫፍ ላይ ሲደርስ ቆሞ መመለስ አለበት። መላሿ ማን ናት? ቢየላ። ሞተሩ በደቂቃ 8,000 ዙር ሲሽከረከር ያቺ መመለሻ ቅጽበት የመሬት ስበትን ወደ 4,000 ጊዜ ታጥፈዋለች። ፒኑንና ፋሻውን ጨምሮ ግማሽ ኪሎ የሚመዝን ፒስተን እዚያ ጫፍ ላይ ሁለት ቶን ይሆናል። በ6,000 ዙር ቢሆን ኖሮ ከአንድ ቶን ብዙም አያልፍም ነበር። ዙሩ በሲሶ ሲጨምር ሸክሙ ወደ እጥፍ የሚጠጋ መሆኑን ለእህቴ ልጅ ወረቀት ላይ አስልቼ አሳየሁት። «ዋው» አለና ወረቀቱን የዘይት ጣሳ አስቀመጠበት።

ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ጭሱ ሊወጣ ቫልቩ በተከፈተ ጊዜ ነው። ያኔ ፒስተኑን ከላይ ተቀብሎ የሚገታው ጋዝ የለም። ጣጣው በሙሉ ወደ ታች፣ ቢየላዋን ክራንክ ሻፍቱ ላይ ወዳቀፋት ቆብ ይወርዳል፤ ቆቡን የያዙት ደግሞ ሁለት ብሎኖች ናቸው። ጣት የሚያህሉ ሁለት ብሎኖች።

ቅዳሜ ቅዳሜ እህቴ ቤት ቡና ሲፈላ ጉባኤው ጋራዥ ውስጥ ይቀመጣል። ሊቀ መንበሩ «ኢንጂነሩ» የምንለው ወዳጄ ነው። ማዕረጉን የሰጠነው እኛ ነን። አዲስ አበባ ሳለ የቅጥቅጥ አይሱዙ ሞተር እያደሰ፣ ሶማሌ ተራ ዕቃ እየመረጠ ነው ያደገው፤ እዚህ ታክሲ ይነዳል። ለእሱ በዚህ ዓለም ላይ ሁለት ዓይነት ዕቃ ብቻ አለ፤ ኦሪጅናልና ኦሪጅናል ያልሆነ።

«ኦሪጅናል ነው?» አለ፣ ስልክ ላይ ያለችውን ቢየላ በሁለት ጣቱ እያጎላ።

«ጋሼ፣ ኦሪጅናሉማ ያወጣነው ነው። ይሄ ከኦሪጅናል ይበልጣል።»

«ከኦሪጅናል የሚበልጥ ዕቃ?» ወደ እኔ ዞረ። «ልጁን ምን እያስተማራችሁት ነው?»

ልጁ እውነቱን ነው። ከፋብሪካ በላይ የሚሠሩ፣ ውድድር እንጀራቸው የሆነ ቤቶች አሉ። ፍሬድ ካሪሎ የሚባለው አሜሪካዊ በ1960ዎቹ ኤች ቢም የሚባለውን ቢየላ ሠርቶ ስሙን የተከለው በዚሁ ሙያ ነው። ኢንጂነሩ ግን ሦስተኛ ጎራ መኖሩን ለመቀበል አንድ ሙሉ ጀበና ፈጀ።

ከዚያ የኤችና የአይ ክርክር መጣ። ቢየላን ወገቧ ላይ ቆርጠህ ብታያት ወይ ኤችን ወይ አይን ትመስላለች፤ ልዩነቱ ይኸው ነው። በዚህ ጉዳይ የሚነሣውን ጠብ የሚያህል፣ የጎንደር ነገሥታት ስለ ቅባትና ተዋሕዶ በጠሩት ጉባኤ ላይም የተነሣ አይመስለኝም። አይ ቢም መጨመቅን ይችላል፣ ለትልቅ ቱርቦ እሱ ነው ይላል አንዱ። ኤች ቢም ቀላልና ጠንካራ ነው፣ ስንቱ በሱ አሸንፏል ይላል ሌላው። ሁለቱም አልዋሹም። በደንብ የተሠራ ኤች በግዴለሽነት ከተሠራ አይ ይበልጣል፤ ተገላቢጦሹም እንዲሁ። ነገሩ ይኼን ያህል አጭር ነው፤ ግን አጭር ነገር ለቅዳሜ ቡና አይሆንም።

ስለ ብረቱ ስንመጣ ግን ኢንጂነሩ ልክ ገባ። ልጅ ሊድር እንደተቀመጠ አባት ሰባት ቤት ማስቆጠር ጀመረ፤ ከየት ነው፣ የማን ነው፣ በምን ተቀጠቀጠ። ባለ ስሙ 4340 የሚባለው ኒኬል፣ ክሮምና ሞሊብዲነም ያለበት ብረት ነው። ከሱ ወገን ሲሊከንና ቫናዲየም የተጨመረለት 300ኤም አለ፤ እሱ የባሰ ጠንካራ፣ ዋጋውም የባሰ። ጎረምሳው ግን ቲታኒየም አማረው። ሆንዳ በ1990 ኤንኤስኤክስ ላይ ቲታኒየም ቢየላ አስገብቶ ለሽያጭ አውጥቷል፤ የ2006ቱ ኮርቬት ዚ06ም አለው። ቀላል ስለሆነ ያ የመጎተት ሸክም ይቀንሳል፣ እውነት ነው። ዋጋውን ሲያይ ግን ፍቅሩ በረደ።

አሉሚኒየምስ? ቶፕ ፊውል የሚባሉት የድራግ መኪኖች ከ10,000 ፈረስ በላይ ይዘው የሚሮጡት በአሉሚኒየም ቢየላ ነው፤ የፍንዳታውን ምት ዋጥ ያደርገዋል። ታዲያ ሩጫቸው 1,000 ጫማ ነው፤ አራት ሰከንድ አይሞላም። በዚያ ሩጫ ክራንክ ሻፍቱ አንድ ሺህ ጊዜ እንኳ አይዞርም፣ ሲመለሱም ሞተሩ ይፈታል። የእህቴ ልጅ ደግሞ በዚህ መኪና ሥራ ሊሄድበት ያስባል።

እኔ ግን ገንዘብ ካለህ ብሎኑ ላይ አውለው አልኩት። የቢየላዋን አካል ሁሉም ያደንቃል፤ የሚበጠሰው ግን ብዙውን ጊዜ ብሎኑ ነው። ኤአርፒ የተባለው የአሜሪካ ቤት የሚሠራቸው በየደረጃቸው አሉ፤ ኤአርፒ 2000 የሚሉት በስኩዌር ኢንች 220,000 ፓውንድ ሲጎትቱት ይችላል። ኤል19 የሚባለው ከሱም ይበልጣል፤ ግን አመለኛ ነው። እርጥበት አይወድም፣ ላብ አይወድም፣ በባዶ እጅ አትንኩኝ ይላል፤ ዘይት ተቀብቶ መቀመጥ አለበት። ይህን እያብራራሁ እህቴ ቁርስ ይዛ ገባች፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ናሙና ብሎን በሁለት ጣቷ አንሥታ በመስኮቱ ብርሃን አገላበጠችው።

«ለዚህች ነው ያ ሁሉ ዶላር?»

ኤል19 እዚያው ላይ ከምርጫ ወጣ። እህቴ የማትነካው ነገር በዚያ ቤት የለም።

ብሎን ሲጠብቅ ይለጠጣል፤ ሥራውም ያ ነው። ተለጥጦ እንደ ሞላ ቆቡን ወደ ቢየላው ካልሳበ፣ ሞተሩ በተሽከረከረ ቁጥር ቆቡ ከፈት ዘጋ እያለ ብሎኑን ያደክመዋል። ስለዚህ ዋና ባለሙያ የቶርክ መፍቻውን ቁጥር ብቻ አያምንም፤ የመፍቻው ኃይል አብዛኛው በሰበቃ ነው የሚያልቀው፣ ቅባቱ ሲለያይ ውጤቱም ይለያያል። ብሎኑን ሳያጠብቅ ይለካል፣ ይጽፋል፣ ያጠብቃል፣ እንደገና ይለካል። ለዚህ የተሠራ፣ የፈረስ ጫማ የመሰለ ቅንፍ ያለው፣ ሰዓት የተገጠመለት መለኪያ አለ። የሚፈለገው መለጠጥ ብዙውን ጊዜ 0.15 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ ሁለት የራስ ፀጉር ውፍረት ቢሆን ነው። ሲፈታ ወደ ቁመቱ ካልተመለሰ፣ የኢንች አንድ ሺሕኛ እንኳ ረዝሞ ከቀረ፣ ወደ ቆሻሻ። ኢንጂነሩ መለኪያውን ሲያይ ዝም አለና «እኛ በክንዳችን ነበር» አለ። ክንዱን አይቼዋለሁ፤ የታክሲ መሪ ካልሆነ በቀር ምንም አያጠብቅም።

የርካሽ ቢየላ ነገርም መጣ። ስድስቱም በጥቂት መቶ ዶላር፣ የሚያብለጨልጭ፣ ሣጥኑ ያማረ። ባለ ስሙ ከሺህ በላይ ነው። ርካሽ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም፤ ግን ርካሽ ከገዛህ መርማሪው አንተ ነህ። ትልቁ ቀዳዳ ክብ መሆኑን፣ ውስጡ የሚለበጠው ብሮንዚና ሲገባ ለዘይት የሚቀረው ክፍተት 0.05 ሚሊሜትር ግድም መሆኑን፣ ስድስቱም በአንድ ሁለት ግራም ውስጥ እኩል መመዘናቸውን፣ ብሎኑም የተጻፈበት ስም እውነተኛ መሆኑን። ለመለኪያውና ለማሽን ቤቱ ከከፈልክ በኋላ ርካሹ ስንት እንደገባ ቁጭ ብለህ ደምር።

በመሐል አንድ የማይወደድ ነገር ተናገርኩ። «ልጄ፣ 600 ፈረስ ቢሆንስ? ለዚያ ስንቱ ሰው የፋብሪካውን ቢየላ እንደተወው ነው የሚነዳው።» እውነት ነው፤ ቶዮታ ያን ሞተር ሲሠራ እጁን አልቆጠበም። ደግሞስ ሺው ፈረስ የት ሊጋልብ ነው? 495 አውራ ጎዳና ላይ ነው፤ በታፔላ 55 ማይል የተጻፈበት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ 5 የሚገኝበት። እናቱ በካምሪ ስንት ዓመት ትሄድበታለች፤ የካምሪዋን ቢየላ ማንም መርጦላት አያውቅም። ልጁ ግን 600ን የሰማው እንደ ስድብ ነው።

በመጨረሻ ኤች ቢም፣ 4340፣ ኤአርፒ 2000 ብሎን ተብሎ ታዘዘ፤ የዙሩ ጣሪያም 7,500 ይሁን ብዬ ተሟገትኩ፣ 8,000 ተባልኩ፣ 7,800 ላይ ተስማማን። ከፋዩ ማን እንደሆነ በዝርዝር አልተነገረኝም፤ እህቴ ግን ደረሰኙን ሁለት ጊዜ አንብባዋለች።

«እሺ፣ አሁን ይሄዳል?» አለች።

«እማ፣ ፒስተን ገና አልመረጥንም።»

ኢንጂነሩ ወንበሩን ሳበ። «ፒስተኑስ ኦሪጅናል ነው?» እኔ በበኩሌ የመጨመቂያው ልክ የፋብሪካው 8.5 ለ1 ይቆይ ባይ ነኝ፤ ልጁ 10 ይላል።