ስለ ኮፈኔ ፎቶግራፍ የቀረበ ምስጋና

ለአንድ የኪት አውሮፕላን አምራች ድርጅት የቴክኒክ ድጋፍ ክፍል

ጉዳዩ፦ በድንኳናችሁ ስለተደረገልኝ ክብር ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡራን ሆይ፣

የድርጅታችሁን ስም ያልጠቀስኩት ውለታ ለመመለስ ነው። እናንተም ፎቶዬን ለሕዝብ ስታሳዩ የእኔን ስም ሸፍናችሁልኛልና።

ቨርጂኒያ በሚገኘው ቤቴ ጋራዥ ውስጥ፣ ከእናንተ በገዛሁት ተገጣጣሚ ኪት ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን እየሠራሁ ነው። እዚህ አገር ከመምጣቴ በፊት አዲስ አበባ፣ ቦሌ ሃንጋር ውስጥ የ767 ሞተር ኮፈን ስከፍትና ስዘጋ የኖርኩ ቴክኒሻን ነኝ። ይህን የማነሳው ለጉራ አይደለም፤ በድንኳናችሁ «ይህ ሰው ድሪል ይዞ ያውቃል?» ተብሎ ስለተጠየቀልኝ መልሱን በጽሑፍ ላድርስ ብዬ ነው።

ስለዘገየው ሳጥን፣ ስለጎደሉት ቡሎኖች፣ ከውል በኋላ ስለጨመረው ዋጋና ሙዚቃ ብቻ ስለሚያሰማው ስልካችሁ አላነሳም። እሱን የሚጽፍ ሌላ አይጠፋም። የእኔ ጉዳይ ኮፈኑ ነው።

ደብዳቤው ግልጽ እንደመሆኑ ለማያውቀው አንባቢ ትንሽ ላስረዳ። የሞተሩ ኮፈን ከፋይበር ግላስ የተሠራ ሲሆን የላይና የታች ተብሎ ለሁለት ይከፈላል። የላይኛው እንደ ድስት ክዳን ቁጭ ይላል፤ ጣጣ የለውም። በታችኛው ውስጥ ግን የፊት ጎማው እግር ያልፍበታል። ስለዚህ ለእግሩ ማለፊያ ይቆረጥለታል፤ ማለፊያው ወደ ኋላ፣ ሞተሩን ከአብራሪው ክፍል እስከሚለየው ግድግዳ (ፋየርዎል) ድረስ ካልተከፈተ ደግሞ የታችኛውን ኮፈን ባወለቅን ቁጥር ከጎማው ጋር መታገል ነው። አጥብበው ቢቆርጡት እግሩ ይፈትገዋል። አስፍተው ቢቆርጡት፣ ከፊት ገብቶ ሲሊንደሮቹን አቀዝቅዞ በሥር የሚወጣው አየር መላ ቅጡ ይጠፋል። በዚያ ላይ እግሩ በአንድ ቦታ የሚረጋ ነገር አይደለም። አፍንጫው በክሬን ተንጠልጥሎ ሳለ ያለበት ቦታ ሌላ፣ የሞተሩ ክብደት ሲጫነው ሌላ ነው፤ ሜዳው ጎርበጥ ሲል ወደ ኋላ ይሳባል። ለዚህ ሁሉ መከራ መመሪያችሁ የሰጠው መፍትሔ «እንዳስፈላጊነቱ ይቁረጡ» የሚል ነው።

ክቡራን፣ እኔ አልቆረጥኩም። በኮፈኑ ላይ አብሮ ተቀርጾ የመጣውን የመቁረጫ መስመራችሁን በወረቀት ፕላስተር ሸፈንኩት። አውሮፕላኑን በጎማው አቆምኩ፣ ቱንቢ ጣልኩ፣ እግሩ በእውነት የሚያልፍበትን በእርሳስ አሰመርኩ። በሁለቱ መስመሮች መካከል አውራ ጣት ይገባል። በእናንተ መስመር ብቆርጥ እግሩ ጠርዙን ይነካል። መጋዙን ያነሳሁ ቀን እንዳልዘነጋ በፕላስተሩ ላይ በደማቅ እስክሪብቶ፣ በአማርኛ፣ «እዚህ ጋ እንዳትቆርጥ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ፎቶ አንስቼ፣ ልኬቱን አያይዤ፣ በትሕትና ጠየቅኋችሁ።

መጀመሪያ የመለሰልኝ ማሽን ነው፤ ስለ ትዕግሥቴ አመሰገነኝ። ቀጥሎ ሰው መለሰ። «መመሪያውን ደግመው ያንብቡ» ይላል። ደግሜ አነበብኩ። «እንዳስፈላጊነቱ ይቁረጡ»።

ሐምሌ ላይ ኦሽኮሽ ሄድኩ። በዊስኮንሲን ያለችው ይህች ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በየዓመቱ ማለት ይቻላል፣ ለአንድ ሳምንት በሚቆይ የአውሮፕላን ትርዒቷ፣ በጋራዡ አውሮፕላን የሚሠራ ሰው ሁሉ መሳለሚያ ናት። ድንኳናችሁ ውስጥ «ኮፈን ያለ እንባ» የሚል ትምህርት እንዳለ ሳነብ ደስ አለኝ። ታጣፊ ወንበር ይዤ ከኋላ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ ከየት እንደሆንኩ ጠይቀውኝ፣ «እናንተ አገር አውሮፕላን ይሠራል?» አሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1935 አዲስ አበባ ላይ ስለተሠራችውና ጣሊያን ወስዷት በ2024 አገሯ ስለገባችው «ፀሐይ» ስለተባለችው አውሮፕላን ነገርኳቸው። ጅራቷ ላይ የምታርፍ ስለሆነች የእኛ የፊት ጎማ ችግር የለባትም ስላቸው ሳቁ። ጥሩ ሰው ነበሩ።

ክቡር የክፍሉ ኃላፊ፣ ማይክሮፎኑን የያዙት እርስዎ ነዎት። «አሁን ደግሞ የተለመዱ ስህተቶችን እንይ» አሉ፤ ስክሪኑ ላይ የእኔ ኮፈን ወጣ። ጋራዤን አወቅኩት፤ ጥግ ላይ የባለቤቴ የቡና ረከቦት ይታያል። ስሜ እንደተሸፈነ አልክድም፤ ፊደሉ ግን ግድግዳ አክሎ ቆሟል። በሌዘርዎ መጀመሪያ የእኔን የእርሳስ መስመር እየከበቡ «ይህ ሰው ከየት አምጥቶ እንዳሰመረው እግዜር ይወቅ» አሉ። ቀጥለው ሌዘሩን ጽሑፉ ላይ አሳርፈው «መመሪያውንም በዚሁ ፊደል አንብቦት ይሆናል» ሲሉ ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ የነበሩት ባለ ቀይ ኮፍያ ሌላው ሁሉ ካቆመ በኋላም ሲስቁ ነበር። የድሪሉ ጥያቄ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እጄን አወጣሁ። «ኮፈኑ የእኔ ነው» አልኩ። ይህን ጊዜ ፈገግ ብለው «ለድፍረቱ አጨብጭቡለት» አሉ። ተጨበጨበልኝ። ሳቁ ይሻለኝ ነበር። መስመራችሁ ከእግሩ ጋር አይገጥምም ማለት ስጀምር ሰዓት ስለሌለ ባንኮኒው ጋ እንድጠይቅ አዘዙኝ።

ባንኮኒው ጋ የነበረችው ልጅ ኮምፒዩተሯን አይታ ወዲያው ነገረችኝ፦ «አዎ፣ እግሩ ተቀይሯል። አዲሱ ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ የኮፈኑ ሞልድ ግን የድሮው ነው። የተሻሻለ ስዕል አለ።»

«ለምን አልተላከልኝም?»

«ለጠየቀ ይላካል።»

«ጠይቄ ነበር እኮ። ፎቶ ሁሉ ልኬያለሁ።»

አሁንም አየች። «ፎቶው ወደ ሥልጠና ክፍል ተመርቷል» አለች፤ እሷው አፈረችልኝ።

እስከዚህ ድረስ በምስጋና ልጽፍ ሞክሬያለሁ። ግን እንዴት ነው ነገሩ? ስዕሉ መሳቢያህ ውስጥ ነበር! ሰው ስህተትህን ለክቶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ እጅህ ላይ ሲያስቀምጥልህ ወደ ምህንድስና መላኩን ትተህ መሳቂያ አደረግከው። ያን መስመር አምኖ የቆረጠው ሌላው ሰው ምን ይሁን? ፋይበር ግላሱ እግሩን እየፈተገ፣ ጠርዙ እየተሰነጠቀ መሮጫ ላይ ሲንደረደር ማን ይንገረው? መስመሬን መኮነኑስ ይቅር፤ ፊደሌ ምን አደረገህ?

ይቅርታ፣ «እርስዎ» ለማለት ነው።

ወደ ሥርዓቱ ልመለስ። በአሜሪካ ሕግ ከሥራው ከግማሽ በላይ የሆነውን ለትምህርትና ለመዝናኛ ብዬ እኔው መሥራት ይገባኛል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ላይ በሚለጠፈው እሳት የማይበላው ሰሌዳ አምራች ተብሎ የሚጻፈው የእኔ ስም ነው። ይህ ደብዳቤ እንግዲህ ከአምራች ለአምራች የተጻፈ ነውና በእኩያ ዓይን ቢታይልኝ።

ኮፈኑን በራሴ መስመር ቆረጥኩት። ጓደኛዬ ከላይ ሞተሩን ሲጫነው እኔ ከሥር በጀርባዬ ተኝቼ በእግሩ ዙሪያ ወፍራም ካርቶን አዞርኩ፤ የትም አልያዘም። ቪቴዎቹም ያለ ግፊያ ገቡ። ሰውነቴን ግን የፋይበር ግላሱ ብናኝ እስካሁን ያሳክከኛል፤ ይህን በእናንተ ላይ አላሳብብም።

የምጠይቀው ቀላል ነው። የተሻሻለውን ስዕል ጠየቀም አልጠየቀ አዲሱን እግር ለገዛ ሁሉ ላኩለት። ስላይዱን ማውረድ ከከበዳችሁ ይቆይ፤ ሌዘሩ ግን ከእርሳሱ መስመር ተነስቶ ፕላስተሩ ሥር ወዳለው ወደ እናንተው ይዙር። በቀጣዩ ሐምሌ ከኋላ ተቀምጬ አያለሁ። ለማጨብጨብም ዝግጁ ነኝ።

ከሰላምታ ጋር
የስላይዱ ባለቤት

ግልባጭ፦
ለምህንድስና ክፍሉ (በሥልጠና ክፍል በኩል እንዳይመራ)
ለባንኮኒዋ ልጅ፣ ከምስጋና ጋር
ሁለተኛው ረድፍ ላይ ለነበሩት ባለ ቀይ ኮፍያ፣ የእርሳቸውም ኪት አዲሱ እግር ያለው ከሆነ