በሩ በአምስት ሰዓት ይዘጋል

ሮም ውስጥ ዘመድ ያለው ሐበሻ ሆቴል ሲፈልግ መታየት የለበትም። «እኛ እያለን!» ይባልና ነገሩ ሽምግልና ይደርሳል። ዘመድ ቤት ማደር ነፃ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ሒሳቡን አውቀዋለሁ። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ቡናው፣ ለልጆቹ የሀገር ልብስ፣ ለጎረቤታቸው ደግሞ «ትንሽ ኮሰረት»። ሻንጣው ሞልቶ የኔ ሸሚዝ በእጅ ይያዛል። ይህ ሁሉ ከደረሰ በኋላ «ቅቤስ?» ይባላል። ቅቤና ቋንጣ በመንገደኛ ሻንጣ ወደ አውሮፓ ኅብረት ማስገባት ክልክል ነው ብትል ማን ይሰማሃል? የእገሊት እናት አምና አስገብተዋል! ማታ ማታ የሀገር ቤት ወሬ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ታወራለህ፣ ጠዋት እንቅልፍህን ትጨርሳለህ፤ ኮሎሲየምን የምታየው በልጆቹ ስልክ ላይ ነው።

ስለዚህ እኔና ባለቤቴ በድብቅ ማደሪያ ፈለግን። የሸንገን ቪዛ ጠያቂ የት እንደሚያርፍ ማሳየት ስላለበት ፍለጋው የሚጀመረው ገና አዲስ አበባ ሆኖ ነው። ርካሽ ርካሹ ቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ዙሪያ ተኮልኩሏል። ከጣቢያው ፊት ያለው ሜዳ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ ለደመሰሷቸው የጣልያን ወታደሮች መታሰቢያ ነው። እዚያ ሰፈር ዋጋ ስከራከር ፓስፖርቴን መጨረሻ ላይ ነው የማወጣው።

ደግሞ ስልክ ላይ ያየኸው ዋጋ ዋጋ እንዳይመስልህ። ከተማው የራሱ የእንግዳ ቀረጥ አለው፤ ባለ ሦስት ኮከብ ሆቴል ያደረ በአዳር 6 ዩሮ፣ ባለ አምስት ኮከብ ያደረ 10 ዩሮ፣ ያውም በነፍስ ወከፍ። ከ10 አዳር በላይ ለቆየ ቀረጡ ይቆማል፤ እስከዚያ ገንዘቡ የሚቆይለት ማን እንደሆነ አላውቅም። ከ10 ዓመት በታች ያለ ልጅም አይከፍልም። ባለቤቴ ይህን ስትሰማ እኔን አየት አደረገችኝ።

ከመሃል ራቅ ሲሉ ይረክሳል ተባልንና ራቅ አልን። ሮም «የአፍሪካ ሰፈር» የሚባል አላት፤ መንገዶቿን በቀድሞ ቅኝ ግዛቶቿና ይዛን ልታቆየን ባልቻለችው በእኛ ስም ጠርታቸዋለች። ኪሳችን የሚችለው ቤት የተገኘው የት ነው? ኢትዮጵያ ጎዳና! «ለዚህ ነው ቪዛ ስንለማመጥ የከረምነው?» አለች ባለቤቴ። ቅርቡ የሜትሮ ጣቢያ ሊቢያ ይባላል። በሊቢያ በኩል ጣልያን ስለመግባት ግን እኔ ቀልድ የለኝም፤ በዚያ መንገድ የሄዱ ልጆች አሉን።

በመጨረሻ የተስማማን የመነኮሳት ቤት ነው። በሮም ብዙ የካቶሊክ ገዳማት እንግዳ ያሳድራሉ፤ ካቶሊክ ነህ ወይ ብሎ የጠየቀን የለም። ወለሉ በሰም ተወልውሎ ፊት ያሳያል፣ አንሶላው ተተኩሷል፣ ቴሌቪዥን የለም፣ ከራስጌ መስቀል አለ። ጣጣው የመጣው በሩ ላይ ነው። ጣልያን ውስጥ ያሳደረ ሁሉ እንግዳውን ለፖሊስ ማስመዝገብ ስላለበት ፓስፖርት ይጠየቃል። ፊሊፒናዊቷ ሲስተር የኔን አዩ፣ የባለቤቴን አዩ፣ እንደገና የኔን አዩ። የአባት ስማችን ለየቅል ነው። እሳቸው አገር ሚስት በባሏ ስም ትጠራለች፤ እኛ አገር ሴት ልጅ አግብታም ያባቷ ልጅ ናት። ይህን በእንግሊዝኛ ላስረዳ ስንተፋተፍ ፊታቸው ይበልጥ ጠቆረ። አባቷ ማን እንደሆኑ፣ አያቴ ማን እንደነበሩ መዘርዘር ስጀምር ባለቤቴ በአማርኛ ገባችብኝ፦ «የጋብቻ ወረቀቱን ያዝ አላልኩህም? መቼ ሰምተኸኝ ታውቃለህ? አሁንም ዝም ብለህ ታወራለህ!»

ሲስተር ከአማርኛ አንዲት ቃል አያውቁም። ግን ፈገግ ብለው ቁልፉን ሰጡን።

በሩ ከምሽቱ 5 ሰዓት ይዘጋል። ሮማውያን ደግሞ ለእራት የሚቀርቡት ከ2 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ትራስቴቬሬ ሰፈር ሰው ገና ሁለተኛውን ወይን ሲከፍት እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሰዓት እያየሁ 8 ቁጥር ትራም ለመያዝ እሮጣለሁ። አባቴ እንኳ በሩን የሚቆልፈው በሦስት ሰዓት ነበርና ሲስተር ይሻላሉ ብዬ እጽናናለሁ። ያላዘዝኩት ሁለተኛ ጠርሙስ፣ ያልገባሁበት ቡና ቤት፣ ያልተሰለፍኩበት ጄላቶ ሲደመር ግን ገዳሙ የራሱን ኪራይ ሊከፍል ምንም አልቀረው። ባለቤቴ ሒሳቡን ማስታወሻ ላይ እየጻፈች ነው የምትተኛው፤ በዚህ ላይ አልጋው ነጠላ ነጠላ ስለሆነ ማንኮራፋቴ ይርቃታል።

ሮም ሳይሆን ብራስልስ ለሚሄድ ሰው በርካሽ የማደሪያው ምክር ሌላ ነው። እዚያ በሥራ ቀን ሆቴሉን የሚሞላው የአውሮፓ ኅብረት ተሰብሳቢ ስለሆነ ቅዳሜና እሁድ ዋጋው ይወርዳል። ባለቤቴን ግን ይህ አላማለላትም። ፍሎረንስ ውስጥ በሩን ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል የሚዘጋ ገዳም አግኝታ ቀብድ ልካለች።